አንድ ጥፋት፣ አንድ ፍርድ

ርዕሰ አንቀጽ



የምርጫ ቅስቀሳ ያለ ሕግ አይሆንም። ይህን ከሌላው ቀድመን እኛው እንናገራለን። ታቦት ባረፈበት ቅጥር ወይም ጁምዓ በሚሰገድበት መስጊድ ገብቶ «እኔን ምረጡ» ማለት ነውር ነው። የሌላውን ፓርቲ ፖስተር ቀድዶ የራስን መለጠፍ፣ ድምፅ በገንዘብና በእህል መሸመት፣ በመንግሥት መኪናና በመንግሥት ነዳጅ መቀስቀስ፣ ለመራጩ በተተወው የጥሞና ጊዜ ድምፅ ማጉያ ይዞ መዞር፣ ይህ ሁሉ ጥፋት ነው። ከእኛ አባላት መካከል ይህን የፈጸመ ቢገኝ ይጠየቅ፤ ከተረጋገጠበትም ይቀጣ። ጠበቃ እናቆምለት ይሆናል እንጂ አንደብቀውም።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንዴ ይጠየቅ፤ አንዴ ይቀጣ፤ ቅጣቱም ማለቂያ ይኑረው።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ ሀብት ናት፤ ጭብጦ የአንድ እረኛ ምሳ ነው። የሚያንገበግበው የተወሰደው ነገር ዋጋ ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ ነው ማለታቸው ነው። በሕግ የተወሰነ ቅጣት ከባድም ቢሆን ሰው ይሸከመዋል። ቅጣቱን ጨርሶ ቤቱ ከገባ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ፣ በየትኛው ሕግ እንደሆነ እንኳ ሳይነግረው፣ በዚያው ነገር ሁለተኛ ሲቀጣው ግን ሕግ የሚባለውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

አንድ ፖስተር፣ ስንት ቅጣት?

እስቲ ምሳሌ እናቅርብ። ለማስረዳት ያቀናበርነው ስለሆነ የማንም ስም የለበትም። ወግዲ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት በገበያ ቀን በሌላ ፓርቲ ፖስተር ላይ የራሱን ፓርቲ ፖስተር ይለጥፋል እንበል። ጥፋት ነው። ሚሊሻ ይዞት ለፖሊስ ጣቢያ ያስረክበዋል፤ ሁለት ሌሊት እዚያው ያድራል። ጉዳዩ ለምርጫ አስፈጻሚዎች ይደርስና እሱም ፓርቲውም ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸዋል። ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል፤ ፍርድ ቤት መቀጮ ይወስናል። ልጁ የአባቱን በግ ሸጦ ይከፍላል። ደረሰኙን በኪሱ ይዞ «አበቃ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

አላበቃም። ክረምት ሲገባ አባቱ ማዳበሪያ ሊወስዱ ሲሄዱ «የእርስዎ ስም እዚህ የለም» ይባላሉ። እናቱ ስማቸው ከሴፍቲኔት ዝርዝር ወጥቶ ያገኙታል። እህቱ ለሥራ ስታመለክት «ከቀበሌሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ» ትባላለች፤ ቀበሌው ደግሞ «ማኅተም ያዡ የለም» እያለ ያመላልሳታል። እንግዲህ ቁጠሩት። እስሩ አንድ፣ ማስጠንቀቂያው ሁለት፣ መቀጮው ሦስት፣ ማዳበሪያው አራት፣ ሴፍቲኔቱ አምስት፣ ደብዳቤው ስድስት። ልጁ ያጠፋው አንዴ ነው። የተቀጣው ግን ቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ ቅጣቱ መቼ እንደሚያበቃም የሚነግራቸው የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በወንጀል ሕግና ሥርዓት መሠረት ተከሶ የመጨረሻ ውሳኔ የተሰጠበት ሰው፣ ጥፋተኛም ተባለ ነፃ ወጣ፣ በዚያው ወንጀል ዳግመኛ አይከሰስም፤ አይቀጣምም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 5 ይህንኑ ደግሞታል። ያ የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ከታሪካዊው የግንቦት 7 ምርጫ ስድስት ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 7 ያንኑ ይላል።

ታዲያ ክፍተቱ የት ላይ ነው? አንቀጽ 23 የሚናገረው ስለ ወንጀል ክስና ስለ ወንጀል ቅጣት ነው። የምርጫ ጥፋት ግን በሁለት በር ይገባል። ቀድሞ የምርጫ ሕጉ፣ የፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር በተለያዩ አዋጆች ይገዙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ሦስቱን በአንድ አጠቃለላቸው። በዚህም የምርጫ ቦርድ የሚወስደው አስተዳደራዊ እርምጃና ፍርድ ቤት የሚወስነው የወንጀል ቅጣት ጎን ለጎን ይኖራሉ። በወንጀል ሕጉ ውስጥም በምርጫ ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ቦርዱ «የእኔ እርምጃ የወንጀል ቅጣት አይደለም» ሊል ይችላል። ዐቃቤ ሕግም «እኔ ከቦርዱ ጋር ጉዳይ የለኝም» ሊል ይችላል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከል የሚገኘው ሰው ግን በአንድ ድርጊት ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

ይህ ክፍተት በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በፈረንሳይ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ እ.ኤ.አ. በ2012 የምርጫ ዘመቻቸው ሕግ ከፈቀደው የወጪ ጣሪያ በላይ አወጡ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት በ2013 የዘመቻ ሒሳባቸውን ውድቅ አደረገ። መንግሥት ለተወዳዳሪዎች የሚመልሰውን ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ ገንዘብ አጡ፤ 363,615 ዩሮም ተቀጡ። በኋላ ደግሞ በዚያው ዘመቻ ወጪ በወንጀል ተከሰሱ። እሳቸውም «በዚህ ጉዳይ አንዴ ተቀጥቻለሁ» ብለው ተከራከሩ። ምክር ቤቱ በ2019 አልተቀበላቸውም፤ የመጀመሪያው የገንዘብ እርምጃና የወንጀል ቅጣቱ ዓላማቸው የተለያየ ነው አለ። በ2021 የአንድ ዓመት እስር ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2024 ግማሹን በገደብ አደረገው።

በሩሲያ የደረሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ መልስ አገኘ። አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ረብሻ አስነስተሃል ተብሎ በአስተዳደራዊ ውሳኔ ሦስት ቀን ታሰረ። ከዚያም በዚያው ረብሻ በወንጀል ተከሰሰ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2009 የሰውየው መብት ተጥሷል ሲል ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ መታየት ያለበት መንግሥት ለቅጣቱ ያወጣለት ስም ሳይሆን ሰውየው የፈጸመው ድርጊት ነው። አስተዳደራዊ ተባለ የወንጀል፣ ድርጊቱ አንድ ከሆነ አንድ ነው።

እኛ ከሁለቱ የምንወስደው ትምህርት አለ። የፈረንሳዩ ሰው ጥያቄያቸውን የሚሰማ አካል አግኝተዋል፤ ባይስማሙበትም ምክንያቱ የተጻፈ መልስ ተሰጥቷቸዋል። የእኛው የወግዲ ወጣት ግን «አንዴ ተቀጥቻለሁ» የሚልበት መስኮት የለውም። ማዳበሪያ የከለከለው ሰው ውሳኔውን በወረቀት አይጽፍም፤ ያልተጻፈ ውሳኔ ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም።

ማለቂያ የሌለው ቅጣት

በአገራችን በምርጫ ምክንያት ከታሰሩት ሁሉ የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ያህል ብዙ የሚያስተምር ታሪክ የለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ከመምረጥና ከመመረጥ መብትም ታገዱ። ሐምሌ 13 ቀን፣ ማለትም በአራተኛው ቀን፣ በሽማግሌዎች አማላጅነት በይቅርታ ተለቀቁ። ሕዝቡም ጉዳዩ ተዘጋ ብሎ እፎይ አለ።

በ2001 ዓ.ም. ግን ወይዘሪት ብርቱካን ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ በውጭ አገር በተናገሩት ምክንያት ንግግራቸውን እንዲያስተባብሉ ተጠየቁ። እምቢ አሉ። ታኅሣሥ 19 ቀን ተይዘው ታሰሩ፤ ይቅርታው ተሰረዘ፤ ዕድሜ ልኩ ተመለሰ። አዲስ ክስ አልቀረበባቸውም፤ አዲስ ችሎትም አልተሰየመም። ከእስር የወጡት መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የግንቦት 2002 ምርጫ ተካሂዶ አልቋል። በዚያ ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ተቃዋሚ ፓርቲ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ አንድም አልተገኘም።

የሕግ ባለሙያ «ይህ ድጋሚ ቅጣት አይባልም፤ የቀድሞው ፍርድ መመለስ ነው» ሊለን ይችላል። በቃል አንጣላም። እኛ የምንለው፣ መቼ እንደሚያበቃ በሕግ ያልታወቀ ቅጣት ጫፉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ገመድ ነው። ባለገመዱ በፈለገ ጊዜ ይስበዋል፤ በምርጫ ሰሞን ደግሞ መፈለጉ አይቀርም። ታሪክ ግን ፈራጅ ነው። ሁለት ጊዜ የታሰሩት ሴት ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ የ2013ቱንም ምርጫ መሩ። ትናንት ወንጀለኛ የተባለው ሰው ነገ ዳኛ ሊሆን እንደሚችል ቀጪዎች ሁሉ ልብ ይበሉ።

ከፍርድ የቀደመ ቅጣት

በዚያው በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የባልደራስ ሊቀመንበር እስክንድር ነጋና የትግል ጓዶቻቸው ከ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጀምሮ በእስር ላይ ነበሩ። ክሳቸው የቅስቀሳ ጉዳይ አልነበረም፤ የመጨረሻ ፍርድም አልተሰጠበትም። ቦርዱ ግን በእስር ላይ ናቸው በማለት በዕጩነት አልመዘግብም አለ። ፓርቲው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግንቦት 16 ቀን እንዲመዘገቡ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ጊዜው አልፏል ቢልም በመጨረሻ ውሳኔውን ተቀብሎ መዘገባቸው፤ የድምፅ መስጫ ወረቀትም እንደገና ታተመ። ክሳቸው በኋላ ተቋርጦ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ተፈቱ።

ይህን የምናነሣው የአንድ ፓርቲን ጉዳይ ለማራገብ አይደለም። ውሳኔው ለሁላችንም የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ነው። ያልተፈረደበት ሰው እስሩ አንድ ጭንቅ ነው፤ ከዕጩነት መሰረዝ ሲጨመርበት ሁለት ይሆናል። በኋላ ነፃ ቢወጣ የታሰረበትን ጊዜ ማንም አይመልስለትም፤ ያለፈውንም ምርጫ ማንም አይደግምለትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 የመምረጥና የመመረጥ መብትን የመንጠቅ ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ነው። ከፍርድ በፊት ማንም ይህን ሥልጣን አይቅደም።

ያልተጻፈው ቅጣት

ከሁሉም የሚከፋው ግን በፍርድ ቤትም በቦርድም መዝገብ ላይ የማይገኘው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ማዳበሪያ፣ ሴፍቲኔት፣ ብድርና ሥራ ለገዢው ፓርቲ ደጋፊነት መያዣ እየሆኑ እንደነበር ከአርሶ አደሮችና ከመንግሥት ሠራተኞች የሰበሰበውን ምስክርነት አቅርቧል። በወቅቱ የነበረው መንግሥት አስተባብሏል። እኛ ከማንም ጋር በሪፖርት አንሟገትም። በአባይ በረሃ አፋፍ የሚያርሰው የወግዲ ገበሬ፣ እንዲሁም የቦረናና የከላላ ጎረቤቱ፣ ምስክር መሆን ያለበት ራሱ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ እናቅርብላችሁ፤ በምርጫ ሰሞን «ማዳበሪያው ይቀርብኛል» ብላችሁ ልባችሁ ያለውን ከመናገር ተቆጥባችሁ ታውቃላችሁ? ፍርሃቱ ራሱ ቅጣት ነው። አንዱን ሲቀጡ መቶው ዝም ይላል።

የወሎ ሽማግሌ ይህን ያውቃል

አዲስ ነገር አላመጣንም። በወሎ አበጋር ተቀምጦ ደም ሲያደርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጥላ ሥር ሆኖ፣ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ይከፈላል፤ ምሕላና ዱዓ ይደረሳል። ከዚያ ወዲያ ያንን ደም የሚያነሣ ሰው በደለኛ የሚባለው እሱ ራሱ ነው። ትናንት ተበዳይ የነበረው ዛሬ እርቅ አፍራሽ ይሆናል። ካሳ የተከፈለበት ደም ዳግመኛ አይፈለግም። ሰው ለገደለ እንኳ ነገሩ መዝጊያ ካለው፣ ፖስተር ለለጠፈ መዝጊያ እንዴት ይጠፋል?

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

ድምፃችሁን ሰጥታችሁ ወደ ምክር ቤት ከላካችሁን የሚከተሉትን በሕግ እንዲደነገጉ እናቀርባለን፤ እስኪደነገጉም እንታገላለን።

1. ለአንድ ድርጊት አንድ መንገድ። ቀላል የቅስቀሳ ጥፋት በቦርዱ እርምጃ ከተዘጋ ወደ ዐቃቤ ሕግ አይሂድ። ድብደባ፣ ድምፅ መግዛትና ኮሮጆ መስረቅን የመሰለ ከባድ ወንጀል ደግሞ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ ቦርዱም ፍርዱን ይጠብቅ።

2. ሁለቱም የግድ የሚሆኑበት ጉዳይ ቢያጋጥም፣ ሁለተኛው ቀጪ የመጀመሪያውን ይቁጠር። የተከፈለው መቀጮና የታሰረበት ቀን ከኋለኛው ቅጣት ላይ ይቀነስ።

3. የግለሰብ ጥፋት ለግለሰብ። ፓርቲ የሚጠየቀው ካዘዘ ወይም እያወቀ ካላስቆመ ነው። አባትም በልጁ፣ እህትም በወንድሟ አትጠየቅ።

4. የመጨረሻ ፍርድ ያልተሰጠበት ሰው ከመመረጥ አይከልከል። ፍርድ ቤት ይህን መብት ሲነጥቅም የሚያበቃበትን ቀን ይጻፍ።

5. እያንዳንዱ ቅጣት በጽሑፍ ይሁን። ድርጊቱ፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ቅጣቱና የሚያልቅበት ቀን ተጽፎ አንድ ቅጂ ለተቀጪው ይሰጠው። ቅጣቱን ሲጨርስም «ጨርሷል» የሚል ማስረጃ ይያዝ።

6. ማዳበሪያ፣ ሴፍቲኔት፣ መሬትና የቀበሌ ደብዳቤ የማንም ፓርቲ መያዣ አይሁኑ። በፖለቲካ አቋም ምክንያት አገልግሎት የከለከለ ሹም በግሉ ይጠየቅ።

እነዚህ ስድስቱ ለእኛ አባላት ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። ነገ እኛ ብናሸንፍና ዛሬ ገዢ የሆነው ፓርቲ ተቃዋሚ ቢሆን፣ የእሱም አባል በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እንዳይቀጣ ዛሬ ቃል እንገባለን። ይህን ቃል ብናጥፍ ይህችን ወረቀት አምጥታችሁ ፊታችን ላይ ዘርጉልን።

«ይህማ ለአጥፊ መሸሸጊያ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም። አጥፊ የሚደፍረው ቅጣቱ አንድ ስለሆነ ሳይሆን ቅጣቱ ለአንዱ ተቃጥሎ ለሌላው ቀዝቅዞ ሲያየው ነው። የእኛ ወጣት በአንድ ፖስተር ስድስት ጊዜ ሲቀጣ፣ በመንግሥት መኪና የሚቀሰቅሰው ካድሬ አንዴም ካልተጠየቀ፣ ያ ሕግ ማስከበር አይባልም። ሁሉም አንዴ፣ ሁሉም እኩል ሲቀጣ ሕግ ይፈራል፤ ይከበራልም።

የተከበራችሁ መራጮች! በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጠመንጃ ብዙ ተናግሯል፤ ብዙ ቤትም ሐዘን ገብቶታል። እኛ ሰላማዊ ትግልን የመረጥነው ሌላው መንገድ ምን እንደሚያስከፍል ስለምናውቅ ነው። ሰላማዊ ትግል ግን የሚቆመው ወጣቱ በፍርድ ቤት ሲያምን ነው። ጥፋቱን አምኖ፣ መቀጮውን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ የገባ ልጅ በማግስቱ እንደገና ሲቀጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርድ ቤት ፈልጎ አይሄድም። ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጆቻችንን ከዚያ መንገድ ለመመለስ ስብከት ብቻ አይበቃም፤ የጨረሱትን ቅጣት «አበቃ» የሚላቸው መንግሥት ያስፈልጋል።

በድምፅ መስጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ይህን አስቡ። በፍርድ የሄደችውን በቅሎ አንጠይቅም። ያለ ፍርድ የሄደችውን ጭብጦ ግን እናስመልሳለን።

አንድ ጥፋት፣ አንድ ፍርድ!
ድል ለሰላማዊ ትግል!